ማሩን የምትቀምሰው እትዬ ባንቻየሁ ነበረች

ጎረቤቴ ለልጇ ሠርግ ጠጅ ጥላ ሰንብታ፣ ትናንት ሰፈፉን ከጋኑ ላይ ገፍፋ በአጥሯ ሥር አሰጣችው። ሰፈፍ ማሩ በውሃ ሲበጠበጥ ወደ ላይ የሚንሳፈፈው ሰም ነው። እኔ በደጄ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ ነፋሱ ያን ሽታ አመጣልኝና ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝ። ሰምም ማርም ያለበት፣ ትንሽ ደግሞ የኮመጠጠ ሽታ ነው። የልጅ ልጄ «አባባ፣ ምነው? ዓይንህ እንባ አቀረረ እኮ» አለችኝ። ፀሐዩ ነው አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ የምዋሸው ሁሉ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነው፤ ትልቁን ውሸት በወጣትነቴ ዋሽቼ ጨርሻለሁ። ይህን የምጽፈውም ስለሱ ነው።

ዘመኑ ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው፣ አገሩ ከጦርነቱ በኋላ ትንፋሹን የሰበሰበበት ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ጠፍቶብኛል። ያልጠፋብኝ አንድ ብርሌ ጠጅ በአሥር ሳንቲም ይጠጣ እንደነበር ነው። ጫማ ያለው ሰው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ጭቃውን ከተሻገረ በኋላ አራዳ ሲደርስ እግሩን ታጥቦ ያጠልቅ እንደነበርም አልረሳሁም። ጣሊያን ትቶት ከሄደው ቢጫ ሕንጻ በረንዳ ላይ አንዲት ጥቁር የስፌት ማኪና ነበረችኝ። ካኪ ሱሪ በአንድ ብር እሰፋለሁ፤ ወገቡ ከፍ፣ ታቹ ሰፋ ያለ፣ ኪሱ የመንገደኛ ስንቅ የሚችል። ከፊት ለፊቴ ካለው ቡና ቤት ሸክላ ሲዘፍን የማኪናዬን ፔዳል በዘፈኑ ምት እረግጥ ነበርና፣ ዘፈኑ የፈጠነ እንደሆነ የሰው ሱሪ ይጣመማል። ዛሬ ያ በረንዳ የስልክ መሸጫ ሆኗል። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ዓምዱን በእጄ ዳበስኩት፤ የሱቁ ልጆች ምጽዋት የፈለግሁ መስሏቸው ሁለት ብር ሰጡኝ፣ እኔም ተቀበልኩ።

ታላቅ ወንድሜ አያ አለባቸው ከአራዳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስትወርዱ በስተግራ በኩል ጠጅ ቤት ነበረው። ነበረው የምለው አፌ ለምዶብኝ ነው። ጋኖቹን የምታጥነው፣ ጌሾውን የምትመርጠው፣ ሰካራሙን ሳታስቀይም ከደጅ የምትሸኘው ሚስቱ እትዬ ባንቻየሁ ነበረች። የማክሰኝት ልጅ ናት፤ ቀይ፣ ቀጭን፣ ከንግግሯ ዝምታዋ የሚበዛ። አያ አለባቸው ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና፤ ግን የቁልቋልና የአደይ ማር ቢያቀርቡለት ሁለቱንም «ሸጋ ነው» ብሎ የሚጨርስ ሰው ነው። ይህን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን፦ እሱ፣ እሷ፣ እኔ።

በዚያ ጊዜ ቅቤ፣ እንቁላልና በርበሬ የሴት ገበያ ነው። ማርና ከብት ግን ወንድ ከወንድ ጋር እጅ ተማትቶ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። ማር የሚያመጣልን አያ ቢሻው የሚባል የጭልጋ ሰው ነበር፤ ከአይከል ወዲያ ካለ መንደር ኅዳር በገባ ቁጥር ማሩን በአቆማዳ አድርጎ፣ በበቅሎ ጭኖ፣ ከበቅሎዎቹ ኋላ ሚስቱን አስከትሎ ይመጣል። ሚስቱ ውጭ ከበቅሎዎቹ ጋር ትቀራለች። እሱ ገብቶ ከአያ አለባቸው ጋር መደብ ላይ ይቀመጥና ማሩን በጭልፋ ያቀርባል። ወንድሜ በጣቱ ቀመስ ያደርግና «እስቲ ለጌሾው ልክ እንዲሆናት ሴቲቱም ትየው» ብሎ ጭልፋውን ወደ ጓዳ ይሰደዋል። እዚያ ከመጋረጃው ጀርባ እትዬ ባንቻየሁ ትንሽ ከምላሷ ላይ ታኖርና ዓይኗን ጨፍና አንድ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ አፏን አትከፍትም። ከዚያ ለነጋዴውና ለወንድሜ መጠጥ ይወጣል። መጠጡ በብርሌ ከወጣ ማሩም ዋጋውም ተስማምቷታል፣ ቁረጥ ማለት ነው። በዋንጫ ከወጣ ግን ዝቅ አድርግ፣ ወይም ተወው ማለት ነው። በዚህ ዘዴ አያ አለባቸው በጎንደር «ምላሱ የማይታለል» የሚባል ማር አዋቂ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። አያ ቢሻውም የራሱ አመል ነበረው፤ ዋጋ ሲጠራበት ወዲያው አይመልስም፣ «በቅሎዎቹን ውሃ ላጠጣ» ብሎ ይወጣል። እነዚያ በቅሎዎች በአንድ ጠዋት አራት አምስቴ ውሃ ይጠጡ ነበር። እኔ ሞኙ የሚገርመኝ የበቅሎዎቹ ጥማት ነበር።

አያ አለባቸው በአንድ ክረምት ንዳድ ይዞት በሳምንቱ ሞተ። አርባው እንደወጣ ትልቁ አጎታችን ዘመድ ሰብስበው ተናገሩ። «ሴት ብቻዋን ጠጅ ቤት ይዛ ስሟ ምን ሊሆን ነው? ማን ወንድ ነው ከሰካራም ጋር የሚከራከርላት? ቤቱ ይሸጥ። ሁለቱን ልጆች ዘመድ ተካፍሎ ያሳድግ። እሷም ማክሰኝት ከወላጆቿ ትግባ» አሉ። እትዬ ባንቻየሁ ልጆች ይከፋፈሉ ሲባል ፊቷ እንዴት እንደሆነ እስካሁን በዓይኔ አለ። ተነስታ የአጎታችንን ጉልበት ሳመች። «ለጥር ሠርግ ሰባት ጋን ጠጅ የታዘዝኩት አለብኝ» አለች፤ አዛዡ የታወቀ ሹም ነበር። «እሱን ላውጣ። ካሳፈርኳችሁ ያን ጊዜ ሽጡት፤ አፌን አልከፍትም።» አጎታችን አሰቡና «ማሩንሳ ማን ይቆርጥልሻል?» አሏት። ዞራ እኔን፣ መኳንንትን፣ አየች። ሰው ሁሉ እኔን አየ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ራሴ የሰፋሁት ካኪ ኮት ለብሻለሁ፣ ደረቴን ነፋሁ።

ኅዳር ላይ አያ ቢሻው መጣ፤ አንድ ቀልደኛ ጓደኛውን አስከትሎ። አልቅሶ አጽናናን፣ ከዚያ ማሩን አቀረበ። ነጭ ነው፤ የአደይ ማር የመሰለ። ቀመስኩት፤ ጣፈጠኝ። «ለጌሾው ልክ» ብዬ ጭልፋውን ወደ ጓዳ ሰደድኩት፣ ልክ እንደ ወንድሜ። ጥቂት ቆይቶ መጠጡ ወጣ፤ በዋንጫ ነው። «ዋጋው ከበደ» አልኩ። አያ ቢሻው ግማሽ ብር ዝቅ አለ። መጠጡ ሁለተኛ ወጣ፤ አሁንም ዋንጫ። ዋንጫውን ይዤ ሳመነታ ያ ጓደኛው ሳቀ። «ምነው መኳንንት፣ ከዋንጫው ላይ ፊደል ታነባለህሳ! ማሩን የምትገዛው አንተ ነህ ወይስ ጓዳው?» አለ። አያ ቢሻውም ፈገግ አለ። ጆሮዬ ጋለ። ወንድሜ ይህን ስንት ጊዜ ችሎ እንዳለፈው ዛሬ ሳስበው አከብረዋለሁ፤ እኔ ግን አልቻልኩም። ዋንጫውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጬ አስቀመጥኩና «የሚገዛው ወንድ ነው፤ ሚካኤልን፣ ተቆርጧል!» ብዬ እጁን መታሁት።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ከጓዳ ወጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መዳፌን ዘርግታ ጥቂት ማር አኖረችበት። «ቅመስ። ሳትናገር አቡነ ዘበሰማያት ድገም» አለችኝ። ደገምኩ። ከጸሎቱ መጨረሻ፣ ወኢታብአነ ከሚለው ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን እሳት ያዘው። በርበሬ የዋጥኩ ያህል አቃጠለኝ፣ ሳልኩ።

«የአምናው የቁልቋል ማር ተደባልቆበታል» አለች። «ይህ በጠጅ ሲሆን ይብሳል። ሙሽራው ሲስል፣ ሚዜው ሲስል ይታየኝ።» ከዚያ ቆይታ፦ «ምነው መኳንንት፣ ዋንጫውን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሳቁብኝ።»

«ሳቁብህ» አለች ቀስ ብላ። ወደ ልጆቿ አየች፤ ትልቁ ታናሹን በጀርባው አዝሎ በግቢው ይሮጥ ነበር። «እኔን ልጆቼን ሊነጥቁኝ ነው፤ አንተን ሳቁብህ» አለችና ነጠላዋን ተከናነበች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ቀብሬያለሁ፤ እንዲያ ያፈርኩበት ቀን ግን የለም።

በሦስተኛው ቀን አቆማዳዎቹን ትሬንታ ኳትሮ በሚባለው የጣሊያን የጭነት ማኪና አስጭነን በአዘዞ አድርገን ወደ አይከል ወጣን። እኔ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ፤ እሷ የሐዘን ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ከኋላ ከማሩ ጋር። ቦታውን ልስጥሽ አላልኳትም፤ ያኔ የሚባልም አልነበረም። ከአይከል ወዲያ በእግር ሄድን። አያ ቢሻው ደንግጦ ተቀበለን፣ መደብ ላይ አጎዛ አነጠፈልን። እትዬ ባንቻየሁን እንደ ሐዘንተኛ ደግሞ አጽናናት። ነገሩን ግን ለኔ ብቻ ነው የሚናገረው። እሷ «አያ ቢሻው፣ ማሩ ቁልቋል አለበት፤ ለውጥልኝ» ስትለው ፊቱን ወደኔ አዙሮ «መኳንንት፣ እጅ መትተህ፣ ሚካኤልን ብለህ? የተፉት ምራቅ ተመልሶ አይላስም» አለኝ። እሷ ስትናገር መልሱ ለኔ ይመጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ።

ሚስቱ ወይዘሮ ይታይሽ ምግብ ይዛ ገብታ ቆማ ትሰማ ነበር። ትሪውን አስቀመጠችና በአገራቸው ቋንቋ ለባሏ የሆነ ነገር ተናገረች፤ አጭር ነው፣ ግን አያ ቢሻው አንገቱን ደፋ። ከዚያ በአማርኛ «ንገራቸው» አለችው።

«ይታይሽ አትቀላቅል ብላኝ ነበር» አለ ሰውየው፣ መሬት እያየ። «እኔ ደግሞ አያ አለባቸው ሞቷል፣ ያ ምላስ ከተቀበረ ማን ያውቃል ብዬ ነው። አጠፋሁ።»

«ምላሱ አልተቀበረም» አለች ወይዘሮ ይታይሽ። «ይህችውልህ ተቀምጣለች። ዘጠኝ ዓመት ከበቅሎ ጋር ደጅ ስቆም በበሩ አያለሁ። አለባቸው ዋጋ የሚናገረው ከመጋረጃው ኋላ መጠጥ ከመጣለት በኋላ ነው። አንተ አታይም እንጂ እኔ አያለሁ።»

እትዬ ባንቻየሁ ቀና አለች። «ውጭ የምትቆሚው አንቺ ነሽ? በቅሎ ሊያጠጣ ሲወጣ የሚጠይቀው አንቺን ነው?»

«እኔን ነው።»

«የመጀመሪያውን ዓመት፣ ፈረሱላውን ከስምንት ብር በታች አልሰጥም ያልሽው?»

«አንቺ ደግሞ ስድስት ብር እስኪገባ ዋንጫ የሰደድሽው!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። እትዬ ባንቻየሁ ዓይኗን ጠረገች። «ዘጠኝ ዓመት ስንገበያይ ኖረን ደጄ ስትቆሚ አንድ ብርሌ እንኳ አልሰደድኩልሽም» አለች። ወይዘሮ ይታይሽ ጎኗ ተቀመጠች። እኔና አያ ቢሻው እርስ በርስ ተያየን። ለዘጠኝ ዓመት ወንድ ከወንድ ጋር የቆረጠው ዋጋ ሁሉ የነዚህ የሁለት ሴቶች ነበር፤ እኛ ተላላኪዎች ነበርን። ይህን ባወቅንበት ቅጽበት ሁለታችንም ወጡን ጎረስን፤ ሌላ የምናደርገው አጣን።

ማሩን መለወጡን ሴቶቹ ባንድ ቃል ጨረሱት። አያ ቢሻው ግን «በገበያው ቢሻው በሴት ተረታ ይሉኛል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ከኔ ጋር እጅ ይማታል?» ብሎ ከልቡ ተጨነቀ። እውነቱን ነው፤ ይሉታል። ወይዘሮ ይታይሽ አሰበችና መላ አመጣች። ቅዳሜ በጎንደር ገበያ፣ ሰው ፊት፣ አያ ቢሻው «አቆማዳው ተሳስቶብኝ ነበር፤ ይህ ልጅ አንዴ ቀምሶ አወቀብኝ፤ የወንድሙ ምላስ በሱ ላይ አድሯል» ብሎ አዲሱን ማር ያስረክባል። ሻጩም አያፍርም፣ ገዢውም አያፍርም። እትዬ ባንቻየሁ ለአፍታ እንኳ አላመነታችም፤ «ደግ ነው» አለች። እኔንማ ደስ አለኝ። መጻፉ ያሳፍራል፤ ግን ደስ አለኝ።

እንደተባለው ሆነ። ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ጨው ሻጩም ዶሮ ሻጩም እየሰማ፣ አያ ቢሻው ጮክ ብሎ አወደሰኝ። የሠርጉ ጠጅ ወርቅ የመሰለ ሆነ፤ ሹሙ ራሳቸው ብርሌያቸውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት ይባላል። አጎታችን መጡና ዘመድ ሰብስበው «መኳንንት ወንድ ሆኖ ተገኝቷል። ቤቱ አይሸጥም፤ በሱ ስም ይቁም። ልጆቹም ከናታቸው ጋር ይደጉ» ሲሉ ፈረዱ። እትዬ ባንቻየሁ ጉልበታቸውን ሳመች። ያኔ «አጎቴ፣ እኔ ማር አላውቅም» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይኗ ዝም በል አለኝ። ዝም አልኩ፤ እሷ ስላለችኝ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሲመሽ ግቢው ውስጥ ብቻችንን ስንቀር «እኔ የፈለግሁት ቤቱንና ልጆቼን ነው። ስሙን አንተ ውሰደው» አለችኝ። ቀላል ነገር የሰጠችኝ መስሎኝ ወሰድኩት።

ያ ስም አበላኝ። የስፌት ማኪናዬን ሸጥኩ። ከአዲ አርቃይ ድረስ ማር ይዘው የሚመጡ ነበሩ። ባለ ጠጅ ቤቶች ሁሉ «መኳንንት ይቅመስልን» ይላሉ፤ እኔ ጣቴን ነክሬ፣ ግንባሬን ቋጥሬ፣ «ጥቂት ይደር፤ የማር ፍርድ በችኮላ አይሆንም» እላለሁ። ከዚያ በቅል ደብቄ ወደ እትዬ ባንቻየሁ እሮጣለሁ። ጋን እያጠበች ከሆነ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትቀምስልኛለች፤ «የግራዋ ነው»፣ «ጭስ በዝቶበታል»፣ «ይህን ግዛ»። በማግስቱ ሄጄ የሷን ቃል በኔ ድምፅ እናገራለሁ። ቆርቆሮ ቤት ሠራሁበት፤ ሚስት አገባሁበት። ወይዘሮ ይታይሽ ግን ከዚያ ዓመት ወዲህ ደጅ አልቆመችም፤ በጓዳ በር ገብታ ከእትዬ ባንቻየሁ ጋር ዋጋውን ይጨርሳሉ፣ ከዚያ እኔና አያ ቢሻው ሰው እንዲያይ መደብ ላይ ተቀምጠን እንከራከራለን። እየዋለ እያደረ ክርክሩን ወደድነው መሰለኝ፤ አንዳንዴ የተወሰነውን ረስተን የምር እንጣላ ነበር።

ዘመን ተለወጠ፤ መንግሥትም ተለወጠ። ጠጅ ቤቱ አንዴ ተዘጋ፣ አንዴ ተከፈተ። ልጆቿ ተምረው አንዱ መምህር፣ አንዱ መሐንዲስ ሆኑ። አያ ቢሻው ሞተ። ዛሬ ማር የምታስመጣው ጎረቤቴ ጎበዝ ሴት ናት፤ ዋጋዋን በስልክ ስትቆርጥ እሰማታለሁ። ግን ባለፈው ሳምንት አንድ ነጋዴ «ባለቤትሽን አቅርቢልኝ» ሲላት ስልኩ ጮክ ብሎ ስለነበር እኔም ሰማሁ።

እትዬ ባንቻየሁ አርጅታ፣ ሳትታመም፣ በአንድ የጾም ሳምንት አረፈች። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን፤ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው። ሽማግሌዎቹ እሷን ሊያወሱ ጀመሩና ወሬው ወዲያው ወደኔ ዞረ። «መኳንንት ባይኖር ያ ቤት መች ይቆም ነበር!» «በምላሱ ነው የወንድሙን ልጆች ያሳደገ።» «ለሴቲቱም ትልቅ ጥላ ነበር።» ከሴቶቹ ወገን ወይዘሮ ይታይሽ ተቀምጣ ነበር፤ ጎብጣ፣ በልጅ ልጇ ተደግፋ፣ ከአይከል በአውቶቡስ መጥታ።  ቀና ብላ አየችኝ።

ተነሳሁ።  ማር ቀምሼ መለየት እንደማልችል ነገርኳቸው፤ የምትቀምሰው ከመጋረጃው ጀርባ ሆና እሷ እንደነበረች፣ በጉርምስናዬ ኩራት ልጆቿን ላስነጥቃት እንደነበር፣ አይከል ድረስ ሄዳ ቤቷን ያዳነችው እሷና ወይዘሮ ይታይሽ እንደሆኑ፣ የበላሁት እንጀራ ሁሉ የሷ እንደነበር። ሳላስቀር ተናገርኩ፣ አለቀስኩም።  ሰው መርገም እስኪጀምር ጠበቅሁ፤ እውነት ለመናገር መረገሙን እፈልገው ነበር።

ከሁሉ አንጋፋ የሆኑት ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። «አያችሁ፣ እናንተ ልጆች» አሉ። «ወንድ ማለት እንዲህ ነው። የገዛ ሙያውን ለሟች አውርሶ ይቀብራታል። እንዲህ ያለ ትሕትና ከእንግዲህ አታዩም።» ድንኳኑ ሙሉ ሰው «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ፤ አንድ ጎልማሳ ብድግ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ትሕትና አይደለም፣ እውነት ነው ብዬ ጮህኩ። ይልቁንም ባሱ፤ ሴቶቹም አለቀሱልኝ።

ወይዘሮ ይታይሽ ብቻ አላለቀሰችም። «በቃ ተቀመጥ፣ መኳንንት» አለችኝ። «ዘገየህ።»

ተቀመጥኩ።